ታይሚንግ ቤልትና የሞተር ኦይል ሲሎችን ቤት ውስጥ እንዴት እንቀይራለን?

የመጀመሪያዬን ታይሚንግ ቤልት፣ ማለትም የሞተሩን ዘንጎች በልክ አብረው እንዲዞሩ የሚያደርገውን ጥርሳም የጎማ ቀበቶ፣ የቀየርኩ ቀን በራሴ በጣም ኮርቼ ነበር። ቤልቱ ገባ፣ ምልክቶቹ ገጠሙ፣ ሞተሩ ቁልፍ ሳዞር ወዲያው ተነሳ። ኩራቴ የቆየው ሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ መኪናው በቆመበት ቦታ የዘይት ጠብታ አየሁ። ሁሉንም መልሼ ስፈታ ቤልቱ ደህና ነበር። ጥፋቱ የኔው ነው። አሮጌውን ኦይል ሲል (በዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገውን ቀለበት) በካቻቢቴ ስፈነቅል የክራንክሻፍቱን፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ፣ ጭሬዋለሁ። ጭረቱ ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ በጥፍር ሲዳሰስ ግን ይይዛል። ያቺ የፀጉር ያህል መስመር አንድ ሙሉ ቀን ሥራ አስደገመችኝ።

ስለዚህ ቤልቱንና ሲሎቹን አንድ ላይ ነው የማየው። ቤልቱ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሞተር ይፈታል፤ ሲሎቹ ደግሞ እዚያው ከቤልቱ ፑሊዎች ኋላ ተቀምጠዋል። ዘይት የነካው ቤልት ጎማው ይለሰልሳል፣ ጥርሱ ይላጣል። የሚያፈስ ሲል ትቶ አዲስ ቤልት ማስገባት ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ እንደመቀባት ነው።

ብሎን ከመንካታችሁ በፊት

መጀመሪያ መኪናችሁ ቤልት እንዳለው አረጋግጡ። ብዙ ሞተሮች በቤልት ፋንታ ሰንሰለት ነው ያላቸው። ባብዛኛው የሞተሩ ጎን በፕላስቲክ ሽፋን ከተሸፈነ ቤልት ነው፤ በብረት ክዳን ታሽጎ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ሰንሰለት ነው። በዘይት ውስጥ የሚሠራ የጎማ ቤልት ያላቸው ሞተሮችም አሉ። እነሱን ለልምድ ሥራ አልመክርም። የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ፑሊያቸው በዘንጉ ላይ በነፃ የሚዞር፣ ያለ ልዩ መቆለፊያ መሣሪያ የማይገጥሙ ሞተሮችም እንደዚያው። መሣሪያውን ካላገኛችሁ አትጀምሩ።

ቀጥሎ ሞተሩ ቤልት ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን የሚጋጩበት ዓይነት መሆን አለመሆኑን እወቁ። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህን ልክ የሚጠብቀው ቤልቱ ብቻ ነው። ልኩ ሲፋለስ በሚጋጨው ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ተከፍቶ የቀረ ቫልቭ ይመታል፤ ቫልቩ ይጣመማል፣ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) መውረድ አለበት። የማይጋጨው ሞተር ዝም ብሎ ይቆማል። የቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ከማይጋጩት ነው፤ ለመማሪያ የሚመቸውም ለዚህ ነው። የናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ እንደሚጋጭ ቁጠሩት።

መቼ ነው የሚቀየረው? እንደ ሞተሩ ይለያያል። ብዙ አምራቾች ከ90,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ከኪሎ ሜትሩ ጋር የዓመት ገደብም አለው። መኪናው ቆሞ ቢከርምም ጎማው ያረጃል። «አየሁት፣ አልተሰነጠቀም» የሚለው ማጽናኛ ብዙም አያስተማምን። የዛሬ ቤልቶች ላያቸው ንጹህ ሆኖ ውስጣቸው ያለው የፋይበር ክር ሊደክም ይችላል።

ምን ይዘን እንቀመጥ?

ቤልቱን ለብቻው አትግዙ። ቴንሽነሩ፣ ማለትም ቤልቱን የሚወጥረው ፑሊ፣ እና ቤልቱ የሚያልፍባቸው ነፃ ፑሊዎች ውስጣቸው ኩሽኔታ አለ። እነሱም ልክ እንደ ቤልቱ ዕድሜያቸውን በልተዋል። የውሃ ፓምፑ በዚሁ ቤልት የሚዞር ከሆነ እሱንም ጨምሩ። ከሲሎች የክራንክሻፍት የፊት ሲል፣ የካምሻፍት ሲል (አንድ ወይም ከዚያ በላይ)፣ እና የዘይት ፓምፑ በቤልቱ የሚዞር ከሆነ የፓምፑ ዘንግ ሲል ያስፈልጋሉ። የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮንም አብሮ ቢቀየር ጥሩ ነው። የኋላው የክራንክሻፍት ሲል ግን የዚህ ቀን ሥራ አይደለም፤ እሱ ካምቢዮ ማውረድ ይጠይቃል።

መሣሪያ ላይ ዋናው ቶርክ ሬንች፣ ማለትም ብሎን በተወሰነ ልክ የሚያጠብቅ ቁልፍ፣ ነው። በእጅ ግምት ማጥበቅ እዚህ አይሠራም። ሌላው ቡሶላ ከነረጅም እጀታው፣ ክሪክና ጠንካራ መደገፊያ ስታንድ፣ ሞተሩን ከሥር የምትደግፉበት ጣውላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ እና ደማቅ የጥፍር ቀለም ነው። የጥፍር ቀለሙ ቀልድ አይደለም፤ ምልክት ለማድረግ ከሱ የተሻለ አላገኘሁም። ከሁሉም በላይ የሞተራችሁ የጥገና መመሪያ ይኑራችሁ። የምልክቶቹ ቦታና የማጥበቂያ ልክ ከሞተር ሞተር ይለያያል። ለምሳሌ በ4ኤ-ኤፍኢ የክራንክ ፑሊው ብሎን 118፣ የካምሻፍት ፑሊው 59፣ የቴንሽነሩ ደግሞ 37 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን ሌላ ሞተር ላይ አታውሉት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሙሉ ቀን ያዙ። በማግስቱ መኪናው የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሌላ ቀን ጀምሩ። በዚህ ሥራ ላይ ጥድፊያ ነው ሞተር የሚያበላሸው።

መንገዱን ማጽዳት

ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። መኪናውን አንሱና ስታንድ ላይ አስቀምጡ፤ በክሪክ ብቻ ተደግፎ ሥሩ አትግቡ። በቤልቱ በኩል ያለውን ጎማና የጭቃ መከላከያ ፕላስቲክ አውጡ። የውሃ ፓምፕ የምትቀይሩ ከሆነ ኩላንቱን አሁን ወደ ንጹህ ዕቃ አፍስሱ። የዲናሞውን፣ የኤሲውንና የመሪውን ቤልቶች አላሉና አውጡ።

ካንዴላዎቹን ፍቱ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ካንዴላ ሲወጣ ሞተሩ ውስጥ ግፊት አይጠራቀምም፤ በእጅ ስታዞሩት ለስላሳ ይሆናል። በኋላ «አንድ ነገር ገጨ» የሚለውን ስሜት ከተራ ግፊት መለየት የምትችሉት ያኔ ነው።

ብዙ መኪኖች ላይ በቤልቱ በኩል ያለው የሞተር ማቀፊያ መፈታት አለበት። ከመፍታታችሁ በፊት በዘይት መያዣው ሥር ጣውላ አድርጋችሁ በክሪክ ደግፉት። ጣውላው ከሌለ ክሪኩ የዘይት መያዣውን ይሰረጉደዋል። ደግፉት ስል ሞተሩን አንሱ ማለቴ አይደለም፤ ክብደቱን መቀበል ብቻ ነው።

የምታወጡትን ብሎን ሁሉ በቦታው ለዩ። የታይሚንግ ሽፋን ብሎኖች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ርዝመታቸው ግን ይለያያል። እኔ ካርቶን ላይ የሽፋኑን ቅርጽ ስዬ እያንዳንዱን ብሎን ቦታው ላይ እሰካዋለሁ። በየደረጃው ፎቶ አንሱ። ፎቶ የማይረዳ የሚመስለው እስክትፈልጉት ድረስ ነው።

ያ የማይፈታ ብሎን

የክራንክ ፑሊው ብሎን ከሁሉም የከረረ ነው። ችግሩ ብሎኑን ስታዞሩ ሞተሩ አብሮ ይዞራል። ማርሹ በእጅ የሚቀየር ከሆነ ከፍተኛው ማርሽ ላይ አድርጉና አንድ ሰው ፍሬን አጥብቆ ይርገጥ። አውቶማቲክ ከሆነ የፑሊ መያዣ መሣሪያ ወይም በሞተሩ ኋላ የቮላኖውን (ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚዞረውን ከባድ ጥርሳም ጎማ) ጥርስ የሚቆልፍ ያስፈልጋል። ረጅም እጀታ ያዙ፣ በሰውነታችሁ ክብደት ቀስ ብላችሁ ጫኑ። ማናጋት የለም።

አንዳንዱ ሰው እጀታውን ሻሲው ላይ አስደግፎ ሞተሪኖውን አንዴ ቅምስ ያደርገዋል። ብሎኑ ይፈታል፤ እጀታው ግን ተፈናጥሮ የሚሄድበትን ማንም አያውቅም። እኔ አልመክረውም። ደግሞ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ጭራሽ ይብስበታል። አብዛኛው ሞተር ከቤልቱ በኩል ሲታይ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ የድሮዎቹ የሆንዳ ዲ እና ቢ ሞተሮች ግን ተቃራኒውን ነው። እነሱ ላይ ይህ ዘዴ ብሎኑን የባሰ ያጠብቀዋል።

ብሎኑ እንደላላ ፑሊውን ገና አታውጡት። ፑሊው ላይ ያለው መስመር ለሚቀጥለው ሥራ ያስፈልገናል።

ምልክቶቹ

ሥራው በሙሉ ያለው እዚህ ነው። ሌላው መፍታትና መግጠም ነው።

የክራንክ ብሎኑን ይዛችሁ ሞተሩን በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ በእጅ አዙሩት፣ የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን ቶፕ ላይ፣ ማለትም የመጨረሻው ከፍታ ላይ፣ እስኪደርስ። የፑሊው መስመር ሽፋኑ ላይ ካለው ዜሮ ጋር ይገጥማል። አሁን ካምሻፍቱን ተመልከቱ። ምልክቱ ከገጠመ ደርሳችኋል። ካምሻፍቱ ተቃራኒው ጎን ላይ ካለ አትደንግጡ። ክራንኩ ሁለት ዙር ሲዞር ካሙ አንድ ነው፤ ስለዚህ ሌላ አንድ ሙሉ ዙር ይቀራችኋል።

ምልክቱ ከምን ጋር እንደሚገጥም መመሪያው ላይ እዩ። በ4ኤ-ኤፍኢ ለምሳሌ የካምሻፍት ፑሊው ላይ ያለች ቀዳዳ ከካምሻፍቱ መያዣ ላይ ካለች ጭረት ጋር ነው የምትገጥመው። ከሽፋኑ ጋር የመሰለው ሰው ጥርስ ስቶ ይገጥማል። አብሮ ሌላ ወጥመድ አለ። ክራንክ ፑሊው ሲወጣ ከሥሩ ያለው ትንሹ ጥርሳም ፑሊ የራሱ ምልክት አለው፤ እሱም የሚገጥመው ከዘይት ፓምፑ አካል ላይ ካለች ጭረት ጋር ነው። እሱን ከትልቁ ፑሊ መስመር ጋር አታምታቱ።

አሁን ክራንክ ፑሊውንና የታይሚንግ ሽፋኑን አውጡ። ምልክቶቹን በጨርቅ አጽዱና በጥፍር ቀለም አድምቁ። ከዚያም አሮጌውን ቤልት ሳትነኩ በክራንኩና በካሙ ምልክት መካከል ያሉትን ጥርሶች ቁጠሩና ጻፉ። ይህች ቁጥር በኋላ ከጥርጣሬ ታወጣችኋለች።

አሮጌው ቤልት ይውጣ

ቴንሽነሩ በሞላ (ስፕሪንግ) የሚሠራ ከሆነ ብሎኑን አላሉ፣ ወደ ኋላ ግፉት፣ እዚያው ላይ አጥብቁት። በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነ ብሎኖቹን ተራ በተራ እያላላችሁ አውጡት። ቤልቱ በእጅ ይንሸራተታል። በካቻቢቴ መጎተት አያስፈልግም።

ቤልቱ ከወጣ በኋላ ክራንኩንም ካሙንም አታዙሩ። በሚጋጭ ሞተር ላይ አንድ ሩብ ዙር ቫልቭ ለማጣመም ይበቃል። አንዳንድ ካምሻፍት በቫልቭ ሞላ ግፊት ራሱ ዘወር ሊል ይችላል፤ ቤልቱን ስታወጡ እጃችሁ ፑሊው ላይ ይሁን።

ሲሎቹ፦ እጅ የሚፈተንበት

የካምሻፍት ሲል ጋ ለመድረስ የካሙ ፑሊ መውጣት አለበት። ብዙ ካምሻፍቶች አካላቸው ላይ ባለስድስት ጎን ቦታ አላቸው፤ የቫልቭ ክዳኑን አንስታችሁ እሱን በቁልፍ ይዛችሁ የፑሊውን ብሎን ፍቱ። የመቆለፊያ ፒን ካላችሁ እሱ ቦታ ለመጠበቅ ብቻ ነው፤ ብሎን ሲፈታና ሲጠብቅ ጉልበት አታሳርፉበት።

ሲል ከማውጣታችሁ በፊት ምን ያህል እንደገባ ለኩ። ከአካሉ እኩል ነው? ገባ ብሏል? ጻፉት።

ለማውጣት ካቻቢቴ የለም። ታሪኬን ነግሬያችኋለሁ። ከዚያ በኋላ የማደርገው እንዲህ ነው። ሲሉ ፊቱ ላይ በጎማ የተሸፈነ ብረት አለ። በቀጭን መሰርሰሪያ እዚያ ብረት ላይ ትንሽ ቀዳዳ እበሳለሁ። የመሰርሰሪያውን ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ አስቀርቼ በፕላስተር እጠቀልለዋለሁ፤ ከዚያ በላይ እንዳይገባ። ጫፉን ግሪስ እቀባለሁ፤ ብናኙን ይይዘዋል። ከዚያ አንድ ብሎን በቀዳዳው አስገብቼ ሁለት ዙር ያህል አጠብቅና ብሎኑን በፒንሳ ስቤ ሲሉን አወጣለሁ። አልወጣ ካለ በተቃራኒው ጎን ሌላ ቀዳዳ። ዘንጉን የሚነካ ነገር የለም።

ሲሉ ከወጣ ዘንጉን በጨርቅ አጽዱና ጥፍራችሁን በርዝመቱ አስኪዱት። አሮጌው ሲል በቆየበት ቦታ ቀለበት የመሰለ ጎድጓዳ መስመር ልታገኙ ትችላላችሁ። ትንሽ ሻካራ ከሆነ በ600 ወይም ከዚያ በደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት ዘንጉን ዙሪያውን አሹት። በርዝመቱ አትሹ፤ በርዝመቱ የሄደ ጭረት ለዘይት መንገድ ነው። ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ ከሆነ ቦታው የሚፈቅድ እንደሆነ አዲሱን ሲል ከአሮጌው ቦታ በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርጋችሁ ግጠሙ፤ ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ላይ ያርፋል። ካልሆነም ዘንጉ ላይ የሚለበስ ቀጭን የብረት እጅጌ አለ።

አሁን አዲሱ ሲል። ከንፈሩ ውስጥ ቀለበት የሆነች ቀጭን ሞላ የሚታይበት ጎን ወደ ሞተሩ ይዞራል፣ ወደ ዘይቱ ማለት ነው። ተራ የጎማ ሲል ከሆነ ከንፈሩን ንጹህ የሞተር ዘይት ቀቡት። ሞላዋ ላይ ጥቂት ግሪስ ብታደርጉ ስትመቱት ተስፈንጥራ አትወጣም። ከንፈሩ ሰፋ ያለ፣ ሞላ የሌለው የቴፍሎን ዓይነት ከሆነ ግን በደረቁ ነው የሚገባው፤ ዘይት አታስነኩት፣ ሞተሩንም ከማስነሳታችሁ በፊት አምራቹ ያለውን ሰዓት ጠብቁ። በጥቅሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትጣሉ።

ዘንጉ ላይ ትንሿ የብረት ሽብልቅ የምትቀመጥበት ቦይ ጠርዙ ስለታም ነው። ሲሉ በላዩ ሲያልፍ ከንፈሩን ይቆርጠዋል። ዘንጉን በቀጭን ፕላስቲክ ሸፍናችሁ ሲሉን በዚያ ላይ አንሸራትቱ፣ ከዚያ ፕላስቲኩን ሳቡት። ውፍረቱ ከሲሉ የውጭ ጠርዝ ጋር የሚቀራረብ ቡሶላ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ አስደግፋችሁ በትንሽ መዶሻ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። አንዴ እዚህ፣ አንዴ ማዶ። ድምፁ መጀመሪያ ልስልስ ይላል፤ ልኩ ላይ ሲደርስ ጠንከር ይላል። ተጣሞ ከገባ ለማቃናት አትታገሉ፤ አውጡትና ሌላ አስገቡ። ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ሲል የምገዛው።

ሲሎቹ ያፈሰሱት በእርጅና ብቻ ላይሆን ይችላል። የሞተሩን የውስጥ ጋዝ የሚያስተነፍሰው ፒሲቪ ቫልቭ ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ፍለጋ ሲሎቹን ይገፋል። አውጥታችሁ አራግፉት። ብዙዎቹ ሲራገፉ ቃጭል ያሰማሉ፤ ዝም ካለ ቀይሩት። አለዚያ አዲሶቹ ሲሎችም በቅርቡ ያነባሉ።

የውሃ ፓምፑ ሥራ ቀላል ነው። የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ቅሪት በፕላስቲክ መፋቂያ አንሱ፣ ፊቱን አድርቁ፣ አዲሱን በልኩ አጥብቁ። የፈሰሰ ኩላንት ወይም ዘይት በፑሊዎቹ ላይ እንዳይቀር ሁሉንም አጽዱ።

አዲሱ ቤልት ሲገባ

የካሙን ፑሊ መልሱና በልኩ አጥብቁ። ምልክቶቹ አሁንም እንደገጠሙ አረጋግጡ። ቤልቱን አትጠፉት፣ አትገልብጡት፣ በዘይት እጅ አትንኩት። በጣም ሲታጠፍ ውስጡ ያለው ክር ይሰበራል፤ ከላይ ግን ምንም አይታይም። ቀስት የተሳለበት ከሆነ ቀስቱ ሞተሩ ወደሚዞርበት ይመልከት።

ከክራንኩ ጀምሩ። ከዚያ ቴንሽነር በሌለበት ጎን ወደ ላይ አምጡትና ካሙ ላይ አስገቡ። ይህ ጎን ሙሉ በሙሉ የተወጠረ መሆን አለበት። ትርፉ ልል ሁሉ ቴንሽነሩ ባለበት ጎን ይሰብሰብ። ብዙ ጀማሪ የሚስተው እዚህ ነው። ምልክቶቹ ሁሉ የገጠሙ ይመስላሉ፤ ቴንሽነሩ ሲለቀቅ ግን በተሳሳተው ጎን የቀረችው ልል ካሙን አንድ ጥርስ ትጎትተዋለች። የጻፋችሁትን የጥርስ ቁጥር አሁን አውጡና ቁጠሩ።

ቴንሽነሩን ልቀቁት። የሞላውን ከሆነ ብሎኑን አላሉና ሞላው ራሱ ይወጥር፤ በጉልበት አትጨምሩ። በዘይት የሚሠራውን መልሳችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ በሞርሳ አቁማችሁ በጣም በዝግታ ጨምቁት፣ ቀዳዳው ሲገጥም ፒን ሰኩበት፣ ከገጠማችሁት በኋላ ፒኑን ሳቡ። ጠቋሚ ያለው ከሆነ ጠቋሚው ከጭረቱ ጋር እስኪገጥም አስተካክሉ።

ሁለት ዙር በእጅ

ይህን የዘለለ ሰው ሞተሩን በዕድል አስነሳ ማለት ነው። ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር፣ በቀስታ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ። መሃል ላይ ብረት በብረት ላይ ያረፈ ያህል ድርቅ ካለ ቁሙ። አታስገድዱት። ቫልቭ ፒስተን ነክቷል፤ ወደ ኋላ ተመለሱና ምልክቶቹን እንደገና እዩ።

ሁለት ዙር ዞሮ የፑሊዎቹ ምልክቶች በሙሉ ከተመለሱ ልክ ነው። ቤልቱ ላይ የታተሙት መስመሮች ግን አይመለሱም። የቤልቱ ጥርስ ቁጥርና የፑሊዎቹ ስለማይገጣጠም እነሱ እንደገና የሚገጥሙት ከብዙ ዙር በኋላ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ይህን ባለማወቄ በትክክል የገባ ቤልት ሁለት ጊዜ አውጥቼ አስገብቻለሁ።

የፑሊ ምልክት በግማሽ ጥርስ ያህል የሳተ ከመሰላችሁ ልክ ፊት ለፊት ሆናችሁ እዩት፤ ከጎን ሲታይ ያታልላል። አንድ ሙሉ ጥርስ ከሳተ ግን «ይሁን» የሚባል ነገር የለም። አውጥቶ መግጠም ነው። ሁሉም ከገጠመ የቴንሽነሩን ብሎን በልኩ አጥብቁ።

መመለስና ማስነሳት

ሽፋኑን፣ ክራንክ ፑሊውን፣ የሞተር ማቀፊያውን፣ የውጭ ቤልቶችን መልሱ። ሽብልቋ ቦታዋ ላይ መሆኗን ሳታዩ ፑሊውን አትግፉ። የክራንኩን ብሎን በቶርክ ሬንች አጥብቁ፤ በአየር መሣሪያ መፍታት ይቻላል፣ ማጥበቅ ግን አይሆንም። አንዳንድ ሞተር ላይ ይህ ብሎን አንዴ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ መመሪያው ካለ አዲስ አድርጉ። ካንዴላ፣ ኩላንት፣ ባትሪ።

ስታስነሱት ጆሯችሁን ክፈቱ። ፉጨት የመሰለ ድምፅ ቤልቱ ከልክ በላይ ተወጥሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ሽፋኑን የሚመታ የጥፊ ድምፅ ካለ ላልቷል። ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ፣ ጉልበት ካጣ፣ ወይም የሞተር መብራት በርቶ ፒ0016 የሚል ኮድ ካወጣ፣ ክራንክና ካሙ አልተስማሙምና ወዲያው አጥፉት። ደህና ከሆነ እስኪሞቅ ይሥራ፣ አየሩን ከኩላንቱ አስወጡ፣ ሲቀዘቅዝ ደረጃውን ሙሉ።

በማግስቱ ጠዋት ከሥር ንጹህ ካርቶን አንጥፉ። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ የሽፋኑን የታችኛው ጠርዝ በጣት ዳብሱ። ደረቅ ከሆነ ማርከር አውጡና ሽፋኑ ላይ የዛሬውን ቀንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉበት።